ሁለት መጋዘን፣ አንድ እሳት



ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ውላችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ በቀጥታ ወደዚህ አዳራሽ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ፕሮባቢሊቲ የሚባለውን የዕድል ስሌት ትምህርት ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎች አስተምሬአለሁ። ይህ ትምህርት ከተማሪው ይልቅ የሚያስፈልገው በየቀኑ ገንዘቡን ለማያውቀው ነገ አሳልፎ ለሚሰጥ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያ ሰው ደግሞ ነጋዴው ነው። ስለዚህ የነጋዴዎች ማኅበራችሁ ጸሐፊ ደውለው ሲጋብዙኝ ሳላመነታ ነው እሺ ያልኩት።

ጸሐፊው ከግብዣው ጋር አንድ ጥያቄ ሰጡኝ። «ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ ዕቃቸውን ለሁለት ከፍለው በሁለት መጋዘን ማስቀመጥ ጀምረዋል። መጋዘኖቹ ግን ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ለመሆኑ ስጋታችን ቀንሷል ወይ?» አሉኝ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ቀላል አድርጎ አያየውም። መልሱን መጨረሻ ላይ እሰጣለሁ። እዚያ ለመድረስ ሁላችሁም የምታውቋቸውን ሦስት ነገሮች እንጠቀማለን፤ መደመር፣ መቀነስና ማባዛት። ብዙ የምቆየው ማባዛት ላይ ነው። ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና።

በቅድሚያ ግን ከዕቁብ ልጀምር።

ልጅ ሆኜ እናቴ 12 አባላት ያሉት ዕቁብ ነበራት። ዕጣው እሁድ እሁድ እኛ ቤት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት 12 ወረቀት ተጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ምልክት ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ አባላቱ በየተራ አንድ አንድ ያነሳሉ። ታዲያ በየሳምንቱ ክርክር አይጠፋም። አንዳንዱ «መጀመሪያ ያነሳ ነው የሚታደለው፣ ሙሉውን ጣሳ ያገኛል» ይላል። ሌላው ደግሞ «የለም፣ ባዶዎቹ ወጥተው እስኪያልቁ መጠበቅ ነው» ብሎ ወደ ኋላ ይላል። የዕቁቡ ዳኛ ሁለቱንም ማስታረቅ ያቅታቸው ነበር።

እስቲ እናስላው። መጀመሪያ የሚያነሳው ሰው ዕጣው የሚደርሰው ከ12 አንድ ዕድል ነው። ሁለተኛው ሰው እንዲደርሰው ግን ሁለት ነገር መሆን አለበት። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ሰው መሳት አለበት፤ የዚህ ዕድል ከ12 አሥራ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ከቀሩት 11 ወረቀቶች ምልክት ያለባትን ማንሳት አለበት፤ ይህም ከ11 አንድ ነው። 11 ለ12 በ1 ለ11 ሲባዛ አሥራ አንዶቹ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው 1 ለ12 ነው። ሦስተኛውንም፣ አሥራ ሁለተኛውንም ብታሰሉት መልሱ ያው ከ12 አንድ ነው። ያ ሁሉ ክርክር ምንም በማይለውጥ ተራ ላይ ነበር።

በዚህ ስሌት ውስጥ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለተኛው ሰው ጋ ስንደርስ 12 ሳይሆን 11 ነው ያልነው። ለምን? የመጀመሪያው ሰው የሠራው ነገር ለሁለተኛው የቀረውን ስለለወጠው ነው። የአንዱ መሆን የሌላውን ዕድል ሲለውጥ እኔ ለተማሪዎቼ «ሁለቱ ነገሮች ይተዋወቃሉ» እላቸዋለሁ። የማይለውጠው ከሆነ አይተዋወቁም። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ እንድትወጡ እፈልጋለሁ፤ እሱም «ይተዋወቃሉ ወይ?» የሚለው ነው። ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መደመር። ይህን ቶሎ እናልፈዋለን።

እህል በረንዳ ያላችሁ ነጋዴዎች የክረምቱን ትንበያ ትከታተላላችሁ። ትንበያው ዝናቡን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለአንድ አካባቢ ለምሳሌ 45፣ 35 እና 20 በመቶ ተሰጠ እንበል። መደበኛ ወይም ከዚያ በታች የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? 35 እና 20 ስትደምሩ 55 በመቶ ነው። አንድ ክረምት በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሊሆን ስለማይችል መደመሩ ልክ ነው። ትልቁን ቁጥር ያገኘው «ከመደበኛ በላይ» ነው፤ ነገር ግን እሱ የማይሆንበት ዕድል ከሚሆንበት ይበልጣል። ዝናቡ ሳይበዛ ሲቀር «ትንበያው ዋሸን» የሚል ሰው 55ቱን ሳያይ ያለፈ ሰው ነው።

ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ መሆን የሚችሉ ከሆነ ግን ዝም ብሎ መደመር አይቻልም። ከ100 ደንበኞቻችሁ 60ው ስኳር ይገዛሉ፣ 50ው ዘይት ይገዛሉ። ስኳር ወይም ዘይት የሚገዛው 110 ነው አይባልም፤ ሰዎቹ 100 ናቸው። ሁለቱንም የሚገዙት 30 ቢሆኑ ሁለት ጊዜ ስለተቆጠሩ አንድ ጊዜ ትቀንሷቸውና 80 ይሆናል። ይህችን «ሁለት ጊዜ የተቆጠረውን መቀነስ» ያዟት፤ መጋዘኑ ጋ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ሁለተኛው መቀነስ ነው። አንድ ነገር የሚሆንበትንና የማይሆንበትን ዕድል ስትደምሩ ሁልጊዜ 100 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ አንዱን ማስላት ከከበዳችሁ ሌላውን አስልታችሁ ከ100 ቀንሱ። በተለይ «ቢያንስ አንድ» የሚል ቃል ስትሰሙ ወዲያው ይህን አስታውሱ።

ዛሬ ማታ ወደ ቤት የምትሄዱበትን ሚኒባስ ታክሲ አስቡት። 12 ተሳፋሪ ይዟል። ከ12ቱ ቢያንስ ሁለቱ ከወሩ በአንድ ዕለት የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ስንት ይመስላችኋል? ወሩ ማንኛውም ይሁን፤ ሁለቱም በ12፣ በሚካኤል፣ ወይም ሁለቱም በ21፣ በማርያም፣ ወይም በሌላ በአንዱ ዕለት። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ለስሌት ይመቻል፤ ጳጉሜን ለጊዜው እንተዋት፤ ልደትም ለ30ዎቹ ዕለታት እኩል የተከፋፈለ ነው ብለን እንነሳ። ይህን ጥያቄ ለሰው ስጠይቅ ብዙው ሰው ግማሽ እንኳ አያደርሰውም።

በቀጥታ ለማስላት መሞከር አድካሚ ነው። ስለዚህ ከማይሆንበት እንጀምር። ሁለተኛው ተሳፋሪ ከመጀመሪያው ጋር እንዳይገጥም ከ30 ዕለታት 29ኙ ይቀሩለታል። ሦስተኛው 28፣ አራተኛው 27፣ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ 19 ይቀራል። እነዚህን ክፍልፋዮች ስታባዙ 8 በመቶ ገደማ ታገኛላችሁ። ከ100 ሲቀነስ 92 በመቶ። ከ100 ታክሲ 92ቱ ውስጥ ልደታቸው በአንድ ዕለት የሚውል ሰዎች አሉ ማለት ነው። ሰባት ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ ዕድሉ ከግማሽ ያልፋል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ 12 ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ሲጣመር 66 ጥንድ ይወጣዋል። እኛ ሰዎቹን ነው የምንቆጥረው፤ ጥንዶቹን አንቆጥርም።

ይኸው ስሌት በዱቤ መዝገባችሁ ውስጥ አለ። 20 ሰው በዱቤ ወስዶባችኋል፤ እያንዳንዱ የመክፈሉ ዕድል 95 በመቶ ነው እንበል። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ታምኗቸዋላችሁ። ከሃያዎቹ ቢያንስ አንዱ የማይከፍልበት ዕድል ስንት ነው? ሁሉም የሚከፍሉበትን እናስቀድም፤ 0.95 ሃያ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 36 በመቶ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ የማይከፍልበት ዕድል 64 በመቶ ነው። አንድ ሰው ሲቀርባችሁ «ካደኝ» ብላችሁ ከማዘናችሁ በፊት ይህን ቁጥር አስታውሱ። እያንዳንዳቸውን ማመናችሁ ልክ ነበር፤ ሃያውንም ባንድ ላይ ማመን ግን ሌላ ነገር ነው። ያ አንድ ሰው እንደሚኖር አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ማስገባት ነበር የሚያስፈልገው።

የዚህ ትምህርት መነሻ ራሱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ፈረንሳይ ውስጥ ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ዳይስ ጨዋታ ደብዳቤ ተጻጻፉ። አንድ ዳይስ አራት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ስድስት የሚወጣበት ዕድል 51.8 በመቶ ነው። ሁለት ዳይስ 24 ጊዜ ሲወረወር ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ድርብ ስድስት የሚወጣበት ዕድል 49.1 በመቶ ነው። ቁማርተኞቹ ሁለቱ እኩል ይመስሏቸው ነበር። በግማሽ ወዲህና ወዲያ ያለችው ያቺ ጠባብ ልዩነት ናት ትርፍና ኪሳራን የምትለየው።

አሁን ወደ ማባዛት እንግባ።

ይህን የምናገረው ልጆቻችሁን እያሰብኩ ነው። በየሰፈሩ የስፖርት ውርርድ ቤት ተከፍቷል። ወጣቱ 10 ጨዋታ በአንድ ትኬት ላይ ያስይዛል፤ አሥሩም ከገጠሙለት ያሸንፋል፣ አንዱ ከሳተ ሁሉም ይቀራል። ልጁ ኳስ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ እያንዳንዱን ጨዋታ 70 በመቶ በትክክል ይገምታል እንበል። 0.7 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2.8 በመቶ ይሆናል። ከ100 ትኬት 97ቱ ይሸነፋሉ።

ከዚህ የሚብሰው የሚከተለው ነው። ዘጠኙ ገጥመው አንዱ ብቻ የሚስትበት ዕድል 12 በመቶ ነው። ሙሉ በሙሉ ከማሸነፍ ይልቅ በአንድ ጨዋታ መበላት ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ልጁ «በአንድ ጨዋታ ነው የተበላሁት፣ ደርሼ ነበር» እያለ ያድራል። ያቺ «ደርሼ ነበር» የምትለው ስሜት የዕውቀቱ ምልክት ትመስለዋለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመልሰዋለች። ግን የማባዛቱ ውጤት ናት። አንድ ቀን ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ በስልካችሁ ሒሳብ ማሽን 0.7ን አሥር ጊዜ አብራችሁ አባዙት። ከምክር ይልቅ ይህ እንደሚገባው በተማሪዎቼ አይቻለሁ።

ዕቃ የምታስመጡም በዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ናችሁ። ባንኩ፣ መርከቡ፣ የጅቡቲ ወደብ፣ ጭነት መኪናው፣ ጉምሩኩ። አምስቱም ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 90 በመቶ በሰዓታቸው ያልቃሉ ብንል አምስቱም በሰዓታቸው የሚያልቁበት ዕድል 59 በመቶ ነው። ደንበኛችሁ «ለበዓል ይደርሳል?» ሲላችሁ በየደረጃው ያለው ሰው «ችግር የለም» ስላላችሁ ብቻ እርግጠኛ አትሁኑ።

አሁን ግን ቆም ብላችሁ ጥያቄዬን አንሱልኝ። ይተዋወቃሉ ወይ? እስካሁን ዝም ብዬ ያባዛሁት እንደማይተዋወቁ አድርጌ ነው። ሁለት መኪና ጭናችሁ በጋላፊ መንገድ በአንድ ሌሊት ብትልኩ መንገዱ ሲዘጋ ሁለቱም ይቆማሉ። ሁለት መኪና መሆናቸው ጭነቱን ነው የከፈለው፤ መንገዱን አልከፈለውም።

ወደ ዱቤ መዝገቡ እንመለስ። ሃያዎቹ ባለዕዳዎች ከአንድ ቡና አምራች አካባቢ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው እንበል። የቡና ዋጋ ሲወርድ ገበሬው አይገዛም፤ ገበሬው ካልገዛ ሃያዎቹም አይሸጡም፤ ካልሸጡ አይከፍሉም። ይተዋወቃሉ። በመልካሙ ዓመት ሁሉም ይከፍላሉ፤ እንዲያውም ቢያንስ አንዱ የሚቀርበት ዕድል ካሰላነው ከ64 በመቶ ሊያንስ ይችላል። በክፉው ዓመት ግን ሃያውም ባንድ ጊዜ ይቀራሉ። መዝገቡ ለረጅም ጊዜ ሰላም ይመስላችኋል፤ አንድ ቀን ሱቁን ያዘጋችኋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካን ባንኮች ከጣላቸው ነገር አንዱ ይኸው ነበር። የብዙ ሺህ ሰው የቤት ብድር አንድ ላይ ሲታሰር «ሁሉም ባንድ ጊዜ አይቀርም» ተብሎ ተሰላ፤ የቤት ዋጋ ሲወርድ ግን ብድሮቹ የሚተዋወቁ ሆነው ተገኙ።

ዕድራችሁም በዚህ ላይ የቆመ ነው። 200 አባል ያለው ዕድር በወር ትንሽ ገንዘብ እየሰበሰበ ለቀብር የሚደርሰው የአንዱ ቤት ሐዘን የሌላውን ቤት ሐዘን ስለማያመጣ ነው። በጥር አንድ፣ በመጋቢት ሁለት ይሆናል፤ ሳጥኑ ይተነፍሳል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን ያጠቃው የኅዳር በሽታ ግን ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ነበር። የአንዱ መታመም የጎረቤቱን መታመም አመጣ፤ ቀባሪ እስኪታጣ ደረሰ። ኅዳር 12 ቆሻሻ አቃጥለን ሰፈሩን ስናጥን የምናስበው ያን ወር ነው። ለዕድር አመራሮች አንድ ነገር እላለሁ፤ መጠባበቂያችሁን ስታሰሉ በተራው ዓመት የምትከፍሉትን ብቻ አትዩ፤ ሐዘኖቹ የሚተዋወቁበት ዓመትም እንዳለ አስቡ።

አሁን የምነግራችሁ ታሪክ ከንግድ ወጣ ያለ ነው። ግን «ይተዋወቃሉ ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ ማባዛት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

እንግሊዝ አገር ሳሊ ክላርክ የምትባል የሕግ ባለሙያ ነበረች። ሁለት ጨቅላ ወንዶች ልጆቿ፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ሌላው በ1998፣ በድንገት ሞቱባት። ገድላቸዋለች ተብላ ተከሰሰች። በችሎቱ ሮይ ሜዶው የተባሉ ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም ቀርበው መሰከሩ፤ በእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ አንድ ሕፃን ባልታወቀ ምክንያት በድንገት የሚሞትበት ዕድል ከ8,543 አንድ ነው፤ ሁለት የሚሞቱበት ግን 8,543 በራሱ ሲባዛ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት።

እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ምን ትጠይቁ ነበር? ይተዋወቃሉ ወይ? ሁለቱ ልጆች የአንድ እናትና የአንድ አባት ናቸው። በአንድ ቤት አደሩ። የመጀመሪያውን የገደለው በደም የሚወረስ ነገር ከሆነ ሁለተኛውም ሊኖርበት ይችላል። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ይህ ማባዛት መሠረት የለውም ብሎ በይፋ ተናገረ።

ሁለተኛም ስህተት ነበረበት። 73 ሚሊዮኑ ልክ ቢሆን እንኳ «ንጹሕ የመሆኗ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው» ማለት አይደለም። የሎተሪን ነገር አስቡ። አንድ የተወሰነ ሰው ትልቁ ዕጣ የሚወጣለት ዕድል እጅግ ትንሽ ነው፤ ሲወጣለት ግን «ይህ በእውነት ሊሆን አይችልም፣ ሰርቆ ነው» ብለን አናስረውም። ለአንዱ መውጣቱ አይቀርምና። በአንድ አገር ብዙ ቤተሰብ አለ፤ ሁለት ልጅ በድንገት የሚሞትበት ቤት አልፎ አልፎ ይገኛል። መመዘን የነበረበት ያ መከራ እናት ሁለት ልጆቿን ከምትገድልበት ዕድል ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ነበር፤ እሱም እጅግ ትንሽ ነው።

ከሐኪም ምርመራው ያልተገለጸ ማስረጃ ኋላ ላይ ተገኝቶ ፍርዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተሻረ። ልጆቿን ቀብራ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ታስራ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2007 ሞተች። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ በየዓመቱም ይከብደኛል።

አሁን ወደ ጸሐፊው ጥያቄ።

ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ አላችሁ። አንድ መጋዘን በዓመት ውስጥ የመቃጠሉ ዕድል ከ100 ሁለት ነው እንበል። ሁሉንም በአንድ መጋዘን ካስቀመጣችሁ ሙሉ በሙሉ ባዶ እጃችሁን የምትቀሩበት ዕድል ከ10,000 ሁለት መቶ ነው።

ለሁለት ከፍላችሁ በተለያየ ሰፈር ብታስቀምጡ፣ መጋዘኖቹ አይተዋወቁምና፣ 2 ለ100 በ2 ለ100 ታባዛላችሁ። ሁለቱም የሚቃጠሉበት ዕድል ከ10,000 አራት ይሆናል።

ጎን ለጎን ከሆኑስ? እሳት ካየው ምን ለየው ይላል ያገሬ ሰው። አንዱ ከተያያዘ ከ10 ጊዜ 8ቱን ሌላውም ይያያዛል እንበል። 2 ለ100 በ8 ለ10 ሲባዛ ከ10,000 መቶ ስድሳ ነው። በአንድ መጋዘን ከነበረው 200 ወደ 160 ብቻ ነው የወረደው። ለሁለተኛው መጋዘን ኪራይ ከፍላችሁ የገዛችሁት ይህችን ነው።

አንድ የምደብቃችሁ ነገር እንዳይኖር የመደመሩንም ልንገራችሁ። ቢያንስ አንዱ መጋዘን የሚቃጠልበት ዕድል በተለያየ ሰፈር ሲሆን 2 ሲደመር 2፣ ሁለት ጊዜ የተቆጠረው ሲቀነስ፣ 3.96 በመቶ ነው። ጎን ለጎን ሲሆን 2.4 በመቶ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ያራቀ ሰው «የእሳት ወሬ» የሚሰማበት ዕድል ከፍ ይላል። በአማካይ በዓመት የሚያጣውም ገንዘብ በሦስቱም መንገድ እኩል ነው፤ 40,000 ብር። መከፋፈል አማካዩን ኪሳራ አይቀንስም። የሚቀንሰው ከዜሮ የምትጀምሩበትን ቀን ነው። ለእኔ ግማሽ ዕቃ የተቃጠለበት ነጋዴ ነገ ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ ነው፤ ሁሉ የተቃጠለበት ግን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ ይችላል። እነዚህን ሁለት ሰዎች በአማካይ ደምሬ ማየት አልችልም።

ስለዚህ መልሴ፦ ሁለተኛው መጋዘን ሌላ ሰፈር ይሁን። ሌላ ሰፈር ካላገኛችሁ ትውውቃቸውን ቀንሱ። የመብራት መስመሩ አንድ ከሆነ አስለዩት። በመካከል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ከሆነ በብሎኬት አሠሩት። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ በዕቃ እንዳይዘጋ ተስማሙ። እያንዳንዷ ነገር ያቺን 8 ወደ 6፣ ወደ 4 ታወርዳለች፤ 4 ስትሆን 160ው 80 ይሆናል።

2 እና 8 የእኔ ምሳሌዎች ናቸው፤ እውነተኛውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ አስቀድመው ግን መጋዘናቸው ጎን ለጎን የሆነ አባላት እጃቸውን ያውጡልኝ፤ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይንገሩኝና ሰሌዳው ላይ ያቺን 8 አብረን እናስተካክላት።